በሌሎች መቃብር ላይ ማልቀስ

«የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ» የሚለው የአበው ብሂል እውነት ነው። ይሁን እንጂ ብሂሉ ሳይመልሰው የሚተወው አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም፥ የተወጋው ሰው አንድ ቀን የወጊውን ወገን በተራው ተወግቶ ወድቆ ቢያገኘው ምን ማድረግ ይገባዋል? አልፎት ቢሄድ ይፈረድበታልን? ቆሞ ቢያለቅስለትስ የራሱን ሙታን ከዳ ይባላልን?

ይህን ጥያቄ ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። የቁምስናችን ምእመናን የሆኑ አንድ ባልና ሚስት ከሮም ጉዟቸው ሲመለሱ ይዘውት መጡ። ስማቸው እንዳይጠቀስ ለምነውኛል፤ ታሪኩ ግን ለሌሎች ይጠቅማል ብለው እንድጽፈው ፈቅደውልኛል። ውድ አንባብያን፥ እኔም የተጠየቅሁትን ያህል መልሼ እንደ ሆነ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። (በዚህ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. ያልተባለበት ዓመት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።)

ጉዞው

ባልየው ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጉ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ባለቤታቸው በቁምስናችን ለብዙ ዓመታት ሕፃናትን ትምህርተ ክርስቶስ ያስተማሩ እናት ናቸው። በኢጣልያ በነርስነት የምትሠራ ልጃቸው የጋብቻቸውን 40ኛ ዓመት ምክንያት አድርጋ ወደ ሮም ጠራቻቸው። ሁለቱም ከሀገር ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። አሳባቸው የቅዱስ ጴጥሮስንና የቅዱስ ጳውሎስን መቃብር ተሳልመው፥ ልጃቸውን አይተው ለመመለስ ነበር። ታሪክ ግን ከባቡር ጣቢያው ደጃፍ ቆሞ ጠበቃቸው።

በሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ አደባባይ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ይባላል። አምስት መቶዎቹ እነማን እንደ ሆኑ ልጃቸው ስትነግራቸው ባልየው መንገድ ላይ ቆመው ሣቁ። እ.ኤ.አ. በ1887 ዓ.ም. በዶጋሊ በራስ አሉላ ጦር የተደመሰሱት የኢጣልያ ወታደሮች ናቸውና። ባልየው «አሉላ እዚህም ድረስ ቀድሞን ደርሷል» አሉ። ባለቤታቸውም ፈገግ ብለው፥ ጥቂት ቆይተው ግን «እናቶቻቸው ሬሳቸውን አግኝተው ይሆን?» ብለው ጠየቁ። የመለሰላቸው የለም። ሻንጣቸውን እየጎተቱ አለፉ።

በማግስቱ በከተማዪቱ መካከል በነጭ እብነ በረድ የተሠራውንና «የሀገር መሠዊያ» የሚባለውን ግዙፍ ሕንጻ አዩ። በዚያ ስፍራ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 18 ቀን 1935 ዓ.ም. «የቃል ኪዳን ቀን» የተባለ ሥነ ሥርዓት ተፈጽሞ ነበር። ፋሺስት ኢጣልያ ኢትዮጵያን በመውረሯ የዓለም መንግሥታት ማኅበር የኢኮኖሚ ማዕቀብ ስለ ጣለባት፥ ባለትዳሮች የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ወጪ እንዲሰጡ ተጠሩ። ንግሥት ኤሌና ከሁሉ ቀድማ የራሷንና የንጉሡን ቀለበት ከመሠዊያው አኖረች። ከእርሷም በኋላ በመላው ሀገሪቱ እጅግ ብዙ ሴቶች ወርቃቸውን እየሰጡ በምትኩ የብረት ቀለበት ተቀበሉ። በየቦታውም ካህናት የብረቱን ቀለበት ባረኩ፤ የደረት መስቀላቸውን የሰጡ ጳጳሳትም ነበሩ። ሚስትየው ይህን ሲሰሙ አርባ ዓመት በጣታቸው የኖረውን ቀለበት በሌላው እጃቸው ሸፈኑት። «ከዚያ ወርቅ ቤታችንን ያቃጠለ ቤንዚን ተገዝቶ ይሆናል» ያሉት ባልየው ናቸው።

ይህንንም ያሉት በከንቱ አይደለም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ፋሺስቶች ለሦስት ቀን ሕዝቡን በጥይት፥ በአካፋና በእሳት ፈጁት። በዚያ ቀን ወደ ቤተ መንግሥቱ ግቢ ከተጠሩት ብዙዎቹ ምጽዋት ሊቀበሉ የመጡ ድኾች ነበሩ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቍጥር 30,000 አድርጎ አስታውቋል፤ በቅርብ ዓመታት ጉዳዩን በሰፊው ያጠኑት ኢያን ካምብል ደግሞ ወደ 19,000 ይገምቱታል። የባልየው አያት ከነቤታቸው ከተቃጠሉት አንዱ ናቸው። አባታቸው ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ ስለ ነበሩ ጎረቤት ደብቆ አተረፋቸው። ኋላም በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ልጃቸውን እጁን ይዘው ወደ ስድስት ኪሎው ሐውልት ይወስዱት ነበር።

በሦስተኛው ቀን ወደ ፖርታ ካፔና አደባባይ ሄዱ። 24 ሜትር ቁመት ያለው የአክሱም ሐውልት ከ1937 እስከ መጀመሪያዎቹ 2000ዎቹ ዓመታት (እ.ኤ.አ.) የቆመው በዚህ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ዓ.ም. በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣልያ በ18 ወር ውስጥ ልትመልሰው ግዴታ ገብታ ነበር፤ የተመለሰው ግን በ1997 ዓ.ም. ነው። በአክሱም ዳግመኛ ቆሞ በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ተመረቀ። በሮም በነበረበት አደባባይ ዛሬ የሚታየው እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ለሞቱት ሰዎች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት ዐምዶች ናቸው። ባልየው ባዶውን ቦታ አይተው «አሥራ ስምንት ወር ሃምሳ ስምንት ዓመት ሆነ» ብለው ዝም አሉ።

ክርክሩ

በአራተኛው ቀን የቅዱስ ካሊስቶስን ካታኮምብ ከጎበኙ በኋላ፥ ልጃቸው በጥቂት ደቂቃ መንገድ ላይ ወደሚገኘው ወደ አርዴያቲኔ ዋሻዎች ወሰደቻቸው። ይህ ስፍራ የብዙ ሰው መቃብር ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 23 ቀን 1944 ዓ.ም. የኢጣልያ አርበኞች ራዜላ በሚባል ጎዳና ላይ በጣሉት ፈንጂ 33 የጀርመን ወታደሮች ሞቱ። ናዚዎቹም ለአንድ ጀርመናዊ አሥር ኢጣልያዊ ይሙት ብለው በማግስቱ ከየእስር ቤቱ ሰዎችን አሰባስበው፥ እጃቸውን የኋሊት አስረው፥ አምስት አምስት እያደረጉ ወደ ዋሻው በማስገባት ማጅራታቸውን በጥይት መቷቸው። በችኮላ ቍጥሩ ተሳስቶ ከ330 በላይ አምስት ሰው ተጨመረ። ከዚያ የዋሻውን አፍ በፈንጂ ዘጉት። ከ335ቱ መካከል ወደ 75 የሚጠጉ አይሁድ ነበሩ፤ የ15 ዓመት ልጅና ከ70 ዓመት በላይ የሆነ ሽማግሌም ነበሩ፤ ለስደተኞች ሐሰተኛ የመታወቂያ ወረቀት እያዘጋጁ ያተርፉ የነበሩት ካህን ዶን ፔትሮ ፓፓጋሎም ነበሩ። ዛሬ መቃብራቸው በአንድ ትልቅ ጣራ ሥር ጎን ለጎን ተደርድሮ ይታያል።

ባልየው ከበሩ ላይ ቆሙ፤ አልገባም አሉ። ባለቤታቸው «ግባ እንጂ፥ ሙታን ናቸው» ቢሏቸው የመለሱት እንዲህ ነው፦ «ለእነዚህ ጣራ ተሠርቶላቸዋል፤ ገዳዮቻቸውም ተፈርዶባቸዋል። የአያቴ መቃብር የት ነው? ከእነዚህስ መካከል ከስምንት ዓመት በፊት እኛ ዘንድ ዘምቶ የነበረ እንደሌለ በምን አወቅሽ?» ሚስትየውም «ይህ ሁሉ አልፏል፥ ተወው እንግዲህ» ብለው ብቻቸውን ገቡ። በመቃብሮቹ መካከል እየዞሩ በተለይ በልጁ መቃብር አጠገብ ቆመው አለቀሱ። ሲወጡ ባልየው የሚስታቸውን ዐይን አይተው ፊታቸውን አዞሩ። ሁለት ቀን ያህል ደግ ቃል ሳይለዋወጡ ሰነበቱ።

ከተመለሱ በኋላ በቢሮዬ ተቀምጠው ባልየው የጠየቁኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «አባ፥ የገደለን ሕዝብ ሙታን ላይ ማልቀስ የራስን ሙታን መክዳት አይደለምን?» ባለቤታቸውም አክለው «እኔም ጥያቄ አለኝ፤ መቃብር ደጃፍ ቆሞ አለመግባትስ ጭካኔ አይደለምን?» አሉ።

እኔም መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር መናዘዝ ነበረብኝ። በሮም በተማርሁባቸው ዓመታት ወደ ካታኮምቦቹ ስንሄድ በዚያ በር አጠገብ ብዙ ጊዜ አልፌአለሁ፤ ገብቼ ግን አላውቅም። አልገባሁም ያልሁት እንደ ባልየው ቆስዬ አይደለም፤ ስላልገደደኝ ነው። ስለዚህ ከእኔ ይልቅ በበሩ ላይ ቆመው የተቆጡት ሰው ለእነዚያ ሙታን ቀርበው እንደ ነበር ተረድቻለሁ። የሚቆጣ ሰው ቢያንስ አይቷልና።

የባልየው አቤቱታ እውነትነት

ስለ ይቅርታ ማስተማር የለመድን ሰዎች የተበደለን ሰው አቤቱታ ሳንሰማ ወደ መደምደሚያው እንቸኩላለን። ይህ ስሕተት ነው። የባልየው ቃል በእውነት ላይ የቆመ ነውና በቅድሚያ ሊመዘን ይገባዋል።

የአርዴያቲኔን ግድያ የመራው ኸርበርት ካፕለር እ.ኤ.አ. በ1948 ዓ.ም. በኢጣልያ ፍርድ ቤት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት። ረዳቱ ኤሪክ ፕሪብከ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እንኳ ከአርጀንቲና ተይዞ መጥቶ እ.ኤ.አ. በ1998 ዓ.ም. ዕድሜ ልክ ተፈርዶበታል። በአንጻሩ በኢትዮጵያ ለተፈጸመው ግፍ ለፍርድ የቀረበ አንድም የኢጣልያ ሹም የለም። ግራዚያኒ እ.ኤ.አ. በ1950 ዓ.ም. 19 ዓመት የተፈረደበት ከጀርመኖች ጋር ስለ ተባበረ ነው፤ ስለ የካቲት 12 አይደለም፤ ስለ ደብረ ሊባኖስም አይደለም። ያም ሆኖ በጥቂት ወራት ውስጥ ተፈታ። የደብረ ሊባኖስን መነኰሳትና ዲያቆናት በተመለከተ የፋሺስቶቹ ሰነድ ራሱ 449 ሰው መገደሉን ያምናል፤ ኋላ የተደረገ ጥናት ደግሞ ከ1,400 እስከ 2,000 ያደርሰዋል። ይህ ሁሉ እየታወቀ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የኢጣልያ ከተማ ለግራዚያኒ መታሰቢያ ተሠራለት።

እንግዲህ «አልፏል፥ ተወው» የሚለው ቃል ለእንዲህ ያለ ሰው ሁለተኛ ቁስል ነው። ያለፈ ነገር የሚባለው የታወቀ፥ የተዳኘና የተካሰ ነገር ነው። ሚስትየውም ይህን በውይይታችን መካከል ራሳቸው ተቀብለውታል፦ «ያለቀስሁት ትክክል ነበር፤ እሱን ግን ተወው ማለቴ ትክክል አልነበረም።»

ሁለተኛው የባልየው ምክንያት የፍቅር ሥርዓት ነው። ቅዱስ ቶማስ አኵዊናስ ስለ ፍቅረ ቢጽ ሲያስተምር ለፍቅር ሥርዓት እንዳለው፥ በደምና በኑሮ የሚቀርቡንን አብልጠን መውደዳችን ኃጢአት ሳይሆን ተገቢ እንደ ሆነ ያስረዳል። ስለዚህ ሰው አስቀድሞ ለአያቱ ማልቀሱ ጠባብነት አይደለም። አያቱን ረስቶ ለባዕድ ብቻ የሚያለቅስ ሰው ቢኖር እንባው ያጠራጥራል።

ሦስት ነገሮችን መለየት

ሆኖም ባልየው ሦስት ነገሮችን በአንድነት እንዳሰሯቸው አስተዋልሁ። እነዚህም ለቅሶ፥ ይቅርታና ፍትሕ ናቸው። «ካለቀስሁላቸው ይቅር ብያለሁ፤ ይቅር ካልሁ ደግሞ ፍትሕ መጠየቄን ትቻለሁ» የሚል ሰንሰለት በልባቸው ነበር። ሰንሰለቱ ግን ሲፈተሽ ቀለበቶቹ የተያያዙ አይደሉም።

ፍትሕ እውነቱ እንዲነገር፥ የተወሰደው እንዲመለስና ጥፋተኛው እንዲጠየቅ ይሻል። ይህን መጠየቅ ይቅር ባይነትን አይቃረንም። ዮሴፍ በግብፅ ወንድሞቹን ይቅር ሲል «ምንም አላደረጋችሁኝም» አላላቸውም፤ እንደ ሸጡት በግልጽ ነግሯቸዋል፤ እንደዚያም ሆኖ አቅፎ ስሟቸዋል። ይቅርታ ደግሞ የተበደለው ሰው ለበደለው የሚሰጠው ስጦታ ነው፤ ማንም አስገድዶ አይቀበለውም። በሌላ ሰው ፈንታ ሆኖ መስጠትም ከባድ ነው። ባልየው አያታቸውን ተክተው «ይቅር ብያለሁ» ማለት ቢያስቸግራቸው አልፈርድባቸውም።

ለቅሶ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ለቅሶ ለሟቹ የሚሰጠው የንጽሕና ምስክር ወረቀት አይደለም። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ይህ ሰው ነበረ፤ እንዲህ ሊሞትም አይገባውም ነበር።» ይህን ማለት ከፍትሕ አንዲት ሳንቲም እንኳ አይቀንስም። እንዲያውም የአርዴያቲኔውን ግፍ ግፍ ለማለት የሚያበቃን ሚዛን የካቲት 12ትንም ግፍ የሚያሰኘው ያው ሚዛን ነው። አንድ ሰው ላደረገው ነገር ብዙ ንጹሓንን መፍጀት በሮም ወንጀል ከሆነ በአዲስ አበባም ወንጀል ነው። ስለዚህ በዚያ ዋሻ ያለቀሰ ኢትዮጵያዊ የራሱን ሙታን አልከዳም፤ ስለ እነርሱ የሚሟገትበትን ሕግ አጽንቷል። ኢጣልያዊው ግን በአርዴያቲኔ አልቅሶ ስለ የካቲት 12 ዝም ቢል፥ እንባው ፈራጅ ሆኖ ይቆምበታል።

በደል ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋልን ለሚለውም የቤተክርስቲያን ትምህርት ግልጽ ነው። ነቢዩ ሕዝቅኤል በምዕራፍ 18 እንደሚያስረዳው ልጅ ባልሠራው የአባቱ ኃጢአት አይጠየቅም። ከዚህ ጋር ግን ሌላ እውነት አለ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ እ.ኤ.አ. መጋቢት 12 ቀን 2000 ዓ.ም. በዐቢይ ጾም የመጀመሪያ እሑድ፥ የቤተክርስቲያን ልጆች ባለፉት ዘመናት ስለ ፈጸሙት በደል እግዚአብሔርን በአደባባይ ይቅርታ ጠይቀዋል። በዚያው ሰሞን የወጣው የሥነ መለኮት ሊቃውንት ሰነድም፥ በደለኝነት የግል ቢሆንም በዘመናት መካከል ያለው የአንድነት ማሰሪያ የትዝታን ሸክም እንደሚያሸክመን ያስተምራል። ይህም ማለት፥ ልጁ በደለኛ ባይሆንም ባለዕዳ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳውም እውነቱን መናገር ነው። እኔም የካቶሊክ ካህን እንደ መሆኔ ከዚህ ዕዳ ድርሻ አለኝ። የብረቱን ቀለበት የባረከው እጅ እንደ እኔ ያለ የካህን እጅ ነበርና። እ.ኤ.አ. በ2016 ዓ.ም. የኢጣልያ ጳጳሳት ጉባኤ ቴሌቪዥን ስለ ደብረ ሊባኖስ ግድያ ዘጋቢ ፊልም ሠርቶ ለሕዝቡ ማሳየቱ ከዚህ ዕዳ ጥቂቱን መክፈል ነው፤ ብዙ ግን ይቀራል።

ስለ ዶጋሊ ሙታን

ከዚህ የሚከብድ ጥያቄ የሚነሣው ከባቡር ጣቢያው ፊት ነው። በአርዴያቲኔ የሞቱት እጃቸው የታሰረ ሰዎች ናቸው። የዶጋሊዎቹ ግን መሣሪያ ይዘው የሰው ሀገር የገቡ ናቸው። ለእነርሱስ እናልቅስን?

በዚህ ላይ ሁለት ነገር አጥብቆ መለየት ያሻል። ክብር ለዓላማ ይሰጣል፤ ጸሎት ግን ለሰው ነው። ወራሪን በጀግንነት የሚያከብር ሐውልት ፊት ቆመን ራሳችንን ዝቅ ማድረግ አይገባንም፤ ዓላማው ግፍ ነበርና። ራስ አሉላም ሀገራቸውን በመከላከላቸው የሚያፍሩበት ነገር አልነበራቸውም። ነገር ግን ስለ ሙታን በምንጸልይበት ጊዜ ቤተክርስቲያን ማን በየትኛው ጦር እንደ ነበረ አትጠይቅም፤ ሁሉንም ለእግዚአብሔር ምሕረት ታስረክባለች። ሚስትየው በአደባባዩ የጠየቁት «እናቶቻቸው ሬሳቸውን አግኝተው ይሆን?» የሚለው ጥያቄ የአሉላን ድል አላሳነሰም። ድል አድራጊው ሰውነቱን እንዳያጣ የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው።

ጌታችን ስለ ደጉ ሳምራዊ የተናገረውን ምሳሌ ስንሰማ የምንዘነጋው አንድ የታሪክ ነገር አለ። የሳምራውያንን ቤተ መቅደስ በገሪዛን ተራራ ላይ ያፈረሰው የአይሁድ ሊቀ ካህናት ዮሐንስ ሂርቃኖስ ነበር፤ ይህም የሆነው ጌታ ከመወለዱ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ሳምራዊው በኢያሪኮ መንገድ የወደቀውን ሰው ሲያይ ይህን አያውቅም ነበር ማለት አይቻልም፤ የተወጋ አይረሳምና። ምሳሌው «ረሳው» አይልም። አስታውሶም ሊሆን ይችላል፤ ዘይቱንና ወይኑን ግን አፈሰሰለት።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ ኢጣልያ ለማስተማር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ገጽ ባልወሰድሁ ነበር። ባልየው የጠየቁት ጥያቄ ዛሬ በሀገራችን በየቤቱ የሚጠየቅ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት እስኪቆም ድረስ፥ ከዚያም በፊትና በኋላ በሌሎች አካባቢዎች በደረሰው እልቂት፥ እያንዳንዱ ወገን የራሱን ሙታን እየቆጠረ የሌላውን ሙታን ቍጥር ሲጠራጠር ሰምተናል። በቁምስናችንም ለአንዱ ወገን ሙታን ጸሎት ሲደረግ ሌላው አቀርቅሮ የሚቀመጥበትን ቀን አይቻለሁ። ያን ቀን ከመቅደሱ ሆኜ ያየሁት በአርዴያቲኔ በር ላይ የቆመውን ሰው ነበር፤ ነገር ግን በሩ የእኛው ቤተክርስቲያን በር ነበር።

ለዚህ መድኃኒቱ ከባሕላችን የራቀ አይደለም። በሀገራችን ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሰው ወደ ጎረቤቱ ለቅሶ ገብቶ ሲያለቅስ የሚያነሣው የራሱንም ሙት ጭምር ነው። እናቱን የቀበረ እናቱን፥ ልጇን የቀበረች ልጇን እያነሣች ታለቅሳለች፤ ባለቤቶቹም ይህን እንደ ንቀት አይቆጥሩትም። እንባው የጋራ ነው፤ ሙታኑ ግን አይቀላቀሉም። ሚስትየውም ለባላቸው የሰጡት መልስ ይኸው ነበር፦ «በልጁ መቃብር ላይ ሳለቅስ ያየሁት ጎረቤት የደበቀውን የሰባት ዓመት ልጅ ነው። አባትህን ነው ያየሁት። የኢጣልያው ልጅ ግን የሚደብቀው አላገኘም።» ባልየው ይህን ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በሮም ሳሉ እንዳልነገሯቸው እኔም አላወቅሁም ነበር።

«ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። ብሂሉ ግን ቁስልን ቂም አይለውም። ቁስል ይታወሳል፤ ይነገራል፤ ይታከማል። ቂም የሚሆነው የሌላውን ቁስል እንዳናይ ዐይናችንን ሲሸፍን ነው። የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ልጆቻችንን ስለ የካቲት 12 ሲያስተምሩ ቍጥሩንና ስሙን አይቀንሱ፤ ከዚያ ግን ልጆቹን «በሌላ ሀገር እንዲህ የሆነ ማን አለ?» ብለው ይጠይቋቸው። የራሱን ሙታን በደንብ ያወቀ ልጅ የሌሎችን ሙታን ለመለየት አይቸገርም።

ባልና ሚስቱ ከመመለሳቸው በፊት በነበረው እሑድ በቫቲካን ቅጥር ውስጥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ ጀርባ ባለችው በሐበሾች ቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተክርስቲያን ተገኝተው ነበር። ይህች ቤት ከ15ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ጀምሮ ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋድያንን ያስተናገደች ናት፤ በግራኝ ጦርነት ዘመን ተሰደው የመጡት አባ ተስፋ ጽዮን እ.ኤ.አ. በ1548ና በ1549 ዓ.ም. የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ያሳተሙት ከዚህች ቤት ሆነው ነው። ባልየው እንደ ነገሩኝ፥ ያቺው ከተማ እንግዳ ተቀባይም ወራሪም መሆኗ ልባቸውን ከፈለው። እኔም ከተማ ሁሉ፥ ሕዝብም ሁሉ እንዲሁ ነው አልኋቸው፤ የእኛም ጭምር።

ባለፈው የካቲት 12 ባልየው እንደ ልማዳቸው ወደ ስድስት ኪሎ ሄደው አበባ አኖሩ። ከዚያ ወደ ቁምስናው መጥተው የፍትሐት ጸሎት ጠየቁ። በወረቀቱ ላይ የአያታቸው ስም አለ። ከሥሩ በባለቤታቸው እጅ ጽሕፈት «በሮም በዋሻ ለሞተው የ15 ዓመት ልጅም» የሚል ተጨምሯል። ባልየው ወረቀቱን ሲሰጡኝ «ዳግመኛ ብሄድ እገባ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ይህን ግን አልሰርዘውም» አሉኝ። እኔም ሁለቱንም ስም ሳልለያይ በመቅደሱ ጠራሁ።